ቀይ ሥር ከዘር፦ ቅጠሉ ጉልበት ደርሶ ሥሩ ለምን እንደ ጣት ቀጠነ?

የለቡ ጓሮ (ታኅሣሥ 5)

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች በሙሉ። ስለ ቆስጣና ስለ ጥቅል ጎመን የጻፋችሁትን እያነበብኩ ብዙ ተምሬያለሁ፤ ዛሬ ግን የራሴን ችግር ይዤ ቀርቤያለሁ። ለቡ አካባቢ ከቤታችን ጀርባ ባለችው ቦታ ላይ አንድ ሜትር በአራት ሜትር የሆነ መደብ አዘጋጅቼ፣ ዝናቡ ሊያበቃ ሲል መስከረም 20 ቀን ቀይ ሥር ዘራሁ። ዘሩን የገዛሁት ከግብርና ዕቃ መሸጫ ነው፤ ማሸጊያው ላይ «ዲትሮይት ዳርክ ሬድ» ይላል። አፈሩ ወደ ቀይ የሚያደላ ነው። ከመዝራቴ በፊት ሁለት ባልዲ የዶሮ ኩስ ቀላቅዬበታለሁ፤ ከወር በኋላ ደግሞ ቅጠሉ ገረጣ ብዬ ዩሪያ በእፍኝ በትኜበታለሁ።

ቡቃያው በዘጠነኛው ቀን ብቅ አለ፤ ደስታዬም ወሰን አልነበረውም። ዛሬ 75 ቀን ሆኖታል። ቅጠሉ ጉልበቴ ላይ ደርሷል፣ መሬቱም ጨርሶ አይታይም፤ አንዱን ነቅዬ ባየው ግን ሥሩ ከሌባ ጣቴ አይወፍርም። ሌላው ያልገባኝ ነገር፣ በእያንዳንዷ ጉድጓድ አንዳንድ ዘር ብቻ መጣሌን በሚገባ አስታውሳለሁ፤ የበቀለው ግን ሦስትና አራት ነው። ጎረቤቴ ጋሼ «የሸጡልህ የቆስጣ ዘር ነው፣ ተሸውደሃል» ብለው ደምድመዋል። እውነት ተሸውጄ ይሆን?

ሥራሥር (ታኅሣሥ 5)

ወንድሜ፣ ጋሼ ከእውነቱ ብዙም አልራቁም፤ ሆኖም መሸወድዎን የሚያሳይ ነገር አላየሁም። ቆስጣና ቀይ ሥር በዕፅዋት ምደባ አንድ ዝርያ ናቸው፤ በአውሮፓ ስኳር የሚመረትበት ነጩ ሥርም ከእነርሱው ጋር ይመደባል። ሰው አንዱን ለቅጠሉ፣ ሌላውን ለሥሩ እየመረጠ ስላራባቸው ነው መልካቸው የተራራቀው። በዚህም ምክንያት ዘራቸውን በዓይን መለየት አይቻልም፤ የሁለቱም ቡናማ፣ ሸካራና ጎርበጥባጣ ሆኖ የተጨማደደ ቡሽ ይመስላል። ከበቀሉ በኋላ ግን አያሳስቱም። በገበያችን የለመድነው ቆስጣ የቅጠሉ አገዳ ነጭ ነው፤ የቀይ ሥር አገዳና የቅጠሉ ጅማት ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ነው። የእርስዎ ቀይ ከሆነ ዘሩ ትክክለኛ ነው።

አንድ ጥለው አራት ያገኙበት ምክንያት ደግሞ እኛ «ዘር» የምንለው ነገር አንድ ዘር ስላልሆነ ነው። የቀይ ሥር አበቦች ተጠጋግተው ስለሚያፈሩ፣ ፍሬዎቹ ሲደርቁ ተጣብቀው አንድ እንክብል ይሆናሉ፤ በእንክብሉ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት እስከ አምስት የሚደርሱ እውነተኛ ዘሮች አሉ። አንድ ፍሬ ብቻ እንዲይዙ ተደርገው የተሻሻሉ ዝርያዎች አሉ፤ ዲትሮይት ግን ከእነርሱ አይደለም። ስለዚህ የቱንም ያህል ተጠንቅቆ ቢዘራ፣ ቀይ ሥር ካልተሳሳ፣ ማለትም ከተጠጋጉት ቡቃያዎች ጥቂቶቹ ተነሥተው ለቀሪው ቦታ ካልተለቀቀለት፣ ተፋፍጎ ማደጉ አይቀርም። እርስዎ ስለ ማሳሳት ምንም አልጻፉም፤ ጥርጣሬዬ እዚያ ላይ ነው።

የዶሮ ኩሱና ዩሪያውም ነገሩን አባብሰውታል። ሁለቱም ናይትሮጅን የበዛባቸው ስለሆኑ ተክሉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል እንጂ ሥር አያጠራቅምም። ነገር ግን ከመፍረዴ በፊት አንድ ነገር ይሞክሩልኝ። ከመደቡ መሐል አንድ ጉድጓድ እንዳለ፣ ከጠርዝ ደግሞ ለብቻው የበቀለ አንድ ተክል ካለ እርሱን ነቅለው ጎን ለጎን ያስቀምጧቸውና ያዩትን ይጻፉልን።

የለቡ ጓሮ (ታኅሣሥ 6)

ዛሬ ጠዋት እንዳሉት አደረግሁ። አገዳው ቀይ ነው፤ ለጋሼም ወስጄ አሳየኋቸው። ከመሐል ያወጣሁት ጉድጓድ አራት ተክል ነበረበት፤ አራቱም አንገታቸው ላይ እንደ ሹሩባ ተጠማዝዘው ተያይዘዋል፤ ሦስቱ እርሳስ ያህላሉ፣ አራተኛው ደግሞ በአንድ ጎኑ ብቻ አበጥ ብሎ በሌላው ጎኑ ጠፍጣፋ ነው፤ ጎረቤቱ የተጫነው ቦታ በግልጽ ይታያል። ከዚያ ከመተላለፊያው ዳር፣ ልጆች ረግጠውት ብቻውን የቀረ አንድ ነበር፤ ነቀልኩት። ጡጫዬን ያክላል! አፈሩ፣ ኩሱ፣ ዩሪያውም አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ይህኛው ብቻ ድቡልቡል ሆነ። እንግዲህ ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ነው። አሁን ቢሳሳ የሚተርፍ ነገር ይኖራል? ለሚቀጥለው ጊዜስ ከመጀመሪያው እንዴት ልዝራው?

ሥራሥር (ታኅሣሥ 6)

ከጡጫዎ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም። የተረፈውን ለማትረፍ በየጉድጓዱ ወፈር ያለውን አንዱን ይተዉና ሌሎቹን አፈሩ ላይ በመቀስ ይቁረጧቸው። አይንቀሏቸው፤ ሥሮቻቸው ስለተቆላለፉ አንዱን ሲነቅሉ የሚቀረውንም ያናጉታል። የቆረጡት ቅጠል እንደ ቆስጣ ተቀቅሎ ይበላል። ከዚህ በኋላ ዩሪያ የሚባል ነገር አያስጠጉ። ዘግይቶ ስለተሳሳ ግማሹ ቢሞላልዎ ጥሩ ነው፤ የተጠማዘዙት ግን አይቃኑም።

ለአዲሱ መደብ እኔ የምከተለውን ልንገርዎ። ዘሩን ከመዝራቴ በፊት አንድ ሌሊት ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፌ አሳድራለሁ፤ ውኃውንም ሁለት ጊዜ እቀይራለሁ። ውኃው የሻይ መልክ ይይዛል። በቡሹ ልባስ ውስጥ ብቅለትን የሚያዘገዩ ንጥረ ነገሮች ስላሉ፣ ሲታጠቡ ቡቃያው ቶሎና እኩል ይወጣል። መስመሩን በ25 ወይም በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ጥልቀቱን ሁለት ሳንቲ ሜትር አድርጌ፣ እንክብሎቹን በየአምስት ሳንቲ ሜትሩ አኖራለሁ። ከላይ የማለብሰው የተነፋ ብስባሽ ነው፤ ቀይ አፈር ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ ቅርፊት ስለሚያበጅ ቡቃያው ሰብሮ መውጣት ያቅተዋል። እስኪበቅል ድረስ ስስ የሣር ጉዝጓዝ አለብሰዋለሁ፤ ብቅ ብቅ ሲል በዚያው ቀን አነሣዋለሁ፤ አንድ ቀን ከዘገየሁ ቡቃያው ይመነምናል።

ማሳሳቱን በሁለት ዙር አደርገዋለሁ። የመጀመሪያው ሁለት እውነተኛ ቅጠል ሲያወጣ ነው፤ ያን ጊዜ ከየእንክብሉ አንድ ብቻ አስቀራለሁ። ሁለተኛው ሥሩ የብይ መጠን ሲይዝ ነው፤ አንዱን አንስቼ አንዱን እየተውኩ ርቀቱን አሥር ሳንቲ ሜትር አደርሰዋለሁ፤ ያነሣሁትም ከነቅጠሉ ወደ ድስት ይገባል። ሰው እጁ እየተንቀጠቀጠ የሚያሳሳው ያለ ምክንያት አይደለም፤ የበቀለ ነገር መቁረጥ ያሳዝናል። በአንድ ሜትር በአራት ሜትር መደብ ላይ ግን አራት መስመር በየአሥር ሳንቲ ሜትሩ ቢተው እንኳ 160 ሥር ይወጣል፤ ለአንድ ቤተሰብ ከበቂም በላይ ነው።

እትዬ የጉለሌዋ (ታኅሣሥ 7)

ልጄ ሥራሥር፣ የጻፍኸው ሁሉ ደግ ነው፤ ነገር ግን ዘሩ ውድ በሆነበት ዘመን ግማሹን በመቀስ ቆርጦ ማብሰል ለእኔ ብክነት ነው። እኔ ጉለሌ ወንዝ ዳር አትክልት ሳለማ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ቀይ ሥርን መደብ ላይ በቀጥታ ዘርቼ አላውቅም። እንደ ቆስጣና እንደ ሰላጣ ችግኙን አፈላዋለሁ። በትንሽ መደብ ላይ ጠቅጠቅ አድርጌ እዘራና በወሩ ገደማ፣ አራት ቅጠል ሲይዝ፣ ማታ ማታ አዛውረዋለሁ። ከአንድ እንክብል የወጡት አራቱም ተለያይተው አራት ቦታ ይተከላሉ፤ ይኸው ማሳሳቱም ማብዛቱም በአንድ ጊዜ አለቀ። ካሮት ቢሆን ተቆጥቶ እግሩን ያንፈራጥጥ ነበር፤ ቀይ ሥር ግን ይችላል።

ሥራሥር (ታኅሣሥ 7)

እትዬ፣ ተሸንፌያለሁ ማለት ይቀለኛል፤ በእርግጥም በአገራችን ቀይ ሥር የሚያመርቱ ብዙ ገበሬዎች እርስዎ እንደሚሉት ችግኝ አፍልተው ነው የሚተክሉት። ልዩነቱ ያለው በእጅ ነው። ለጀማሪ በቀጥታ መዝራትን የምመክረው፣ ሲያዛውሩ ዋናውን ሥር አጥፈው የሚተክሉ ሰዎች ስለበዙ ነው፤ የታጠፈ ሥር ደግሞ ሁለት እግር ያወጣል ወይም ይጎብጣል። እርስዎ ይህን እንዴት እንደሚከላከሉት ቢነግሩን ለሁላችንም ይጠቅመናል።

እትዬ የጉለሌዋ (ታኅሣሥ 8)

ቀላል ነው። ከመንቀሌ በፊት መደቡን ውኃ አጠግበዋለሁ፤ ችግኙ ሳይበጠስ እንዲወጣ ነው። ከዚያ በጣቴ ሳይሆን በእንጨት ቀጥ ያለ ቀዳዳ እበሳለሁ፤ የጠቋሚ ጣት ርዝመት ይበቃል። የሥሩ ጭራ ከቀዳዳው ከረዘመ ጫፉን በጥፍሬ ቆርጬ እጥለዋለሁ እንጂ አላጥፈውም። ትንሽ ወደ ታች አስገብቼ መልሼ ጎተት ሳደርገው ሥሩ ራሱ ይቀናል። አንገቱን አልቀብረውም፤ ቡቃያው ሲበቅል በነበረበት ልክ ነው የምተክለው። ከውጪዎቹ ቅጠሎች ሁለቱን ቀንጥቤ እጥላለሁ፤ ለሦስት ቀን ጠዋትና ማታ አጠጣለሁ። በበነጋው ጠውልጎ ቢታይ አትደንግጡ፤ በአራተኛው ቀን ቀና ይላል። ከአምስት ቅጠል በላይ የያዘ ችግኝ ግን ለሰው አልሰጥም፣ እኔም አልተክልም፤ እርሱ ሥሩን ከወዲሁ ጀምሮታልና ይከፋዋል።

ውርጭ (ታኅሣሥ 9)

ከደብረ ብርሃን ነኝ። እዚህ ከ2,700 ሜትር በላይ ስለሆንን የእኔ ችግር ሌላ ነው። አምና መስከረም ላይ የዘራሁት በሚገባ ተሳስቶ፣ በሚገባ አድጎ ሳለ፣ ከጥር በኋላ ጥቂቶቹ መሐላቸው አገዳ እያወጡ ወደ ላይ ተመዘዙ። አንዱን ነቅዬ ብሰነጥቀው ሥሩ እንጨት ሆኗል፤ ቢላው ራሱ ተንጫጫ። ዘሩ ተበላሽቶ ነው ወይስ ውርጩ ነው?

ሥራሥር (ታኅሣሥ 9)

ብርዱ ነው። ቀይ ሥር በተፈጥሮው የሁለት ዓመት ተክል ነው፤ በመጀመሪያው ዓመት ሥሩን ስንቅ አድርጎ ያጠራቅማል፣ ቀዝቃዛ ወቅት ካለፈበት በኋላ ያንን ስንቅ አበባና ዘር ለማውጣት ይጠቀምበታል። ሌሊቱ ለሳምንታት ከ10 ዲግሪ በታች እየወረደ ሲቆይ፣ ተክሉ «የብርዱ ወቅት አልፏል» ብሎ ይታለላል። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የሚያገኘው ገና ለጋ ወይም መካከለኛ ሆኖ እንዳይሆን፣ እናንተ ጋ ወይ ቀደም ብሎ ከውርጩ በፊት ለማንሣት መዝራት፣ ወይ ደግሞ ብርዱ ሲለዝብ በመስኖ መጀመር ይሻላል። የተመዘዘውን ቶሎ ነቅላችሁ ለከብት ስጡት፤ አገዳውን ብትቆርጡትም ሥሩ ተመልሶ አይለሰልስም።

አንድ ነገር ልጨምር። ዘር ለማውጣት ብላችሁ የተመዘዘውን የምትተዉት ካላችሁ፣ የአበባው ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ በአቅራቢያ ያበበ ቆስጣ ካለ ይዳቀላሉ፤ ከዚያ የምታገኙት ዘር ቆስጣም ቀይ ሥርም ያልሆነ ዲቃላ ይሆናል። ደግሞም ቶሎ ከተመዘዘው ዘር መውሰድ ቶሎ መመዘዝን መምረጥ ነው።

ጣና ዳር (ታኅሣሥ 11)

እኛ ባሕር ዳር ላይ ያለነው የብርድ ችግር የለብንም፤ ሙቀት ነው ያስቸገረን። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ የሚደርሰው ቀይ ሥር ሲቆረጥ ውስጡ ነጭና ቀይ ቀለበት እየተፈራረቀበት ይታያል፤ ጣዕሙም ይሳሳል። በእኔ ልምድ ለዚህ የረዳኝ ጉዝጓዝና የማይቋረጥ ውኃ ነው። ሳምንቱን ሙሉ አድርቆ ቅዳሜ ቅዳሜ ማጥለቅለቅ ሥሩን ይሰነጥቀዋል። በሁለት ቀን አንዴ፣ ጠዋት፣ አፈሩ ጣት እስኪያስገባ ድረስ እንዲርስ አድርጌ አጠጣለሁ። ጥያቄዬ ግን ይህ ነው፤ አንዳንዱ ሲቆረጥ ውስጡ እንደ ከሰል የጠቆረና የጠነከረ ነጠብጣብ አለበት። በሽታ ነው?

ሥራሥር (ታኅሣሥ 11)

አብዛኛውን ጊዜ ቦሮን የሚባለው የአፈር ንጥረ ነገር እጥረት ነው። ቀይ ሥር ከአትክልቶች ሁሉ ቦሮን በብዛት ከሚፈልጉት አንዱ ነው፤ ሲያጣ መሐሉ ያሉት ለጋ ቅጠሎች ይጠቁራሉ፣ ይጠማዘዛሉ፣ የሥሩም ሥጋ እንደጻፉት ይሆናል። ውኃ ሲቋረጥ ቦሮን አፈሩ ውስጥ እያለ እንኳ ተክሉ መሳብ ያቅተዋል፤ ስለዚህ የውኃውና የጥቁሩ ነገር አንድ ላይ መምጣታቸው አያስገርምም። ለገበሬ ሲከፋፈሉ ከቆዩት ማዳበሪያዎች መካከል ቦሮን የተቀላቀለበት ኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ ያለበት) አለ፤ እርሱን ካገኛችሁ ዳፕና ዩሪያ ከማሳደድ ይሻላል። የተብላላ ፍግና ብስባሽም ይረዳል። ቦራክስ (ቦሮን ያለበት ጨው) ብቻውን የምትጨምሩ ከሆነ ግን ለአሥር ካሬ ሜትር ከ15 ግራም አይለፍ፤ በብዙ ውኃ በጥብጣችሁ እኩል አዳርሱት። ቦሮን ሲበዛ መርዝ ነው፤ በተለይ ቀጥሎ ቦሎቄ የሚዘራበት መደብ ከሆነ።

አመድን በተመለከተ ብዙ ሰው በውስጥ መስመር ስለጠየቀኝ እዚሁ ልመልስ። ቀይ ሥር ኮምጣጣ አፈር አይወድም፤ በቀይ አፈር ላይ ከመዝራት በፊት ለአንድ ካሬ ሜትር አንድ እፍኝ የእንጨት አመድ መቀላቀል ደግ ነው። ነገር ግን በየሳምንቱ መነስነስ አፈሩን ወደ ሌላው ጫፍ ይወስደውና ቦሮኑን ይቆልፈዋል።

ሰበታ (ታኅሣሥ 12)

ሁላችሁም ስለ ዘርና ስለ ማዳበሪያ ስታወሩ ስለ ፍልፈል አንድ ሰው እንኳ አለማንሣቱ ገረመኝ። እኔ ካለኝ ላይ አንድ መስመር ሙሉ ከታች በልቶ፣ ቅጠሉን ግን ምንም ሳይነካ ቀጥ አድርጎ ትቶልኛል። ልነቅል ስጎትተው ቅጠሉ እጄ ላይ ቀረ፣ ከሥሩ ባዶ ዋሻ! መደቡን ከፍ አድርጌ ከታች የሽቦ ወንፊት ካነጠፍኩ በኋላ ነው ያረፍኩት።

አራተኛ ፎቅ (ታኅሣሥ 13)

በኮንዶሚኒየም የምንኖር ሰዎችም ተስፋ አለን ወይ ለምትሉ፣ አለን። የዱቄት ከረጢት ጠርዙን አጥፌ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍታ አፈርና ብስባሽ ሞላሁበት፤ ታቹን በሳሁት፤ ስድስት ተክል አስቀረሁ። በቀን ስድስት ሰዓት ፀሐይ በሚያገኘው በረንዳ ያለው ሞላ፤ በጥላው በኩል ያለው ቅጠል ብቻ ሆነ። እሱንም ከምስር ጋር በላነው።

ጣና ዳር (ታኅሣሥ 13)

ስለ መብላት ከተነሣ፣ ባለቤቴ ገና እንደተጋባን ቀይ ሥር በድንች ሠርታ ጠግቤ በበላሁ ማግስት ሽንቴ ቀልቶ ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ሐኪሙ ከመመርመሩ በፊት «ትናንት ምን በላህ?» ብሎ ጠየቀኝና ሳቀ። አዲስ አብቃዮች ካላችሁ ከወዲሁ ዕወቁት፤ አንዳንድ ሰው ቀለሙን ሙሉ በሙሉ ሳያፈርሰው ያልፋል፤ ጉዳት የለውም።

እትዬ የጉለሌዋ (ታኅሣሥ 14)

ስትቀቅሉም አገዳውን ሦስት ጣት ያህል አስተርፋችሁ ቁረጡ፣ ጭራውን አትንኩ፣ ልጣጩንም በጥሬው አትላጡት። ቀድሞ የተላጠ ቀይ ሥር ቀለሙ ሁሉ ድስት ውስጥ ይቀራል። ሲበስል ልጣጩ በእጅ ብቻ ሸርተት ይላል። ከቡጢ በላይ እስኪሆን አትጠብቁት፤ ያረጀው ቃጫ ይበዛዋል።

የለቡ ጓሮ (መጋቢት 12)

ዘግይቼ ስለተመለስኩ ይቅርታ፤ ውጤቱን ሳላይ መጻፍ አልፈለግሁም። በመጀመሪያው መደብ ላይ ታኅሣሥ 6 ቀን የተሳሳው፣ ጥር አጋማሽ ላይ ስነቅለው ከየሦስቱ አንዱ ገደማ የዶሮ እንቁላል መጠን ደርሶ ነበር። ሌላው ጠማማና ቀጭን ሆኖ ቀረ፤ ቅጠሉን በላነው።

ሁለተኛውን መደብ ታኅሣሥ 20 ቀን ጀመርኩ። ነገሩን ለራሴ ለማየት ለሁለት ከፈልኩት፤ ግማሹን እንደ ሥራሥር ዘፍዝፌ በመስመር ዘርቼ ሁለት ጊዜ አሳሳሁ፣ ለሌላው ግማሽ በዚያው ቀን እንደ እትዬ ችግኝ አፈላሁ። ዩሪያ የሚባል አላስጠጋሁም፤ የከረመ ፍግ ብቻ ነው የገባው። ዛሬ 82ኛ ቀኑ ነው። በቀጥታ ከተዘራው ወገን አሥር ነቅዬ ጎረቤቴ ጋሼ ዘንድ ባለው ሚዛን አስመዘንኩ፤ ቅጠሉ ተቆርጦ አንድ ኪሎ ከስምንት መቶ ግራም ወጣው። የተዛወረው ወገን ገና ሁለት ሦስት ሳምንት ይቀረዋል፤ መጠኑ ከዚህኛው ያንሳል፣ ቅርጹ ግን ይበልጥ እኩል ነው፤ ከ40 ችግኝ ሦስቱ ብቻ ናቸው ሁለት እግር ያወጡት፤ እነርሱም እትዬ ያሉትን ረስቼ በጣቴ የተከልኳቸው የመጀመሪያዎቹ ናቸው።

ጋሼ አንዱን ለሁለት ሰንጥቀው ዓይተው «ይኼስ ቆስጣ አይደለም» ብለዋል፤ ሦስትም ይዘው ሄደዋል። እትዬ፣ አንድ ጥያቄ ቀረኝ፦ ችግኝ ያፈላሁበት ትንሽ መደብ ላይ የተረፉ ሰላሳ የሚሆኑ አሉ፣ ቅጠላቸው ሰባትና ስምንት ደርሷል። ልተክላቸው ወይስ ለበጎቹ ልስጣቸው?

እትዬ የጉለሌዋ (መጋቢት 12)

ለበጎቹ።